የልጄ መነጽር 6,500 ብር ፈጀ፣ ኢንሹራንሱ የመለሰልኝ 1,200 ነው፤ ዲዳክቲብል የሚባለውን የሚያስረዳኝ አለ?

የማሂ እናት (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። የካቲት ላይ አስተማሪዋ አስጠርታኝ «ማሂ ሰሌዳው አይታያትም፣ አጠገቧ ካለችው ልጅ ደብተር ነው የምትገለብጠው» አለችኝ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፋ ስትቀመጥ «ራቅ በይ» እያልኩ እቆጣት ነበር። ሳይታያት ቀርቶ መሆኑን አንድም ቀን አላሰብኩም። ይህን ስጽፍ እንኳን ሆዴ ይባባል።

መጋቢት ላይ አስመረመርኳት። ሁለቱም ዐይኗ ሩቅ አያይም፣ የግራው ይብሳል ተባልኩ። ምርመራው 900፣ ፍሬሙ 3,200፣ ሌንሱ 2,400። ድምሩ 6,500 ብር። ዋጋው ብዙም አላስጨነቀኝም፣ ምክንያቱም መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛና ለቤተሰብ የጤና ኢንሹራንስ ገብቶልናል፣ መነጽርም ይሸፍናል ተብለናል፣ በዚያ ተማምኜ ነው ለቤት ኪራይ ካስቀመጥኩት ላይ ያነሳሁት።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ አካውንቴ ውስጥ 1,200 ብር ገባ። ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍል) ሄጄ ስጠይቅ «ዲዳክቲብል ተቆርጦ ነው» አሉኝ። ዘንድሮ ውሉ ሲታደስ አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው) ስለተወደደ 5,000 ብር ዲዳክቲብል እንደገባበት ስብሰባ ላይ ተነግሮናል። ግን ያን ቀን እጁን አውጥቶ «ምን ማለት ነው?» ያለ ሰው የለም። እኔም አላልኩም።

አሁን በታመምን ቁጥር 5,000 ልንከፍል ነው? ታዲያ ኢንሹራንሱ ምኑን ሸፈነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ታቦር 07

እህቴ፣ እኔ እስከማውቀው ኢንሹራንስ መነጽርና ጥርስ አይሸፍንም። እኔ መነጽሬን የምቀይረው በኪሴ ነው። 1,200 መመለሱም አንድ ነገር ነው፣ ብዙ አትልፊበት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ታቦር 07፣ በዚህ አልስማማም። ውሉን ሳታይ «አይሸፍንም» ማለት ሰው መብቱን እንዲተው ያደርጋል። ቡድን ኢንሹራንስ ላይ መነጽር የሚሸፍንም የማይሸፍንም አለ፣ የሚለየው አሠሪው የፈረመው ወረቀት ነው።

የማሂ እናት፣ መጀመሪያ ዲዳክቲብሉን እንጨርስ። መኪና ወይም ባጃጅ ያላችሁ ኤክሰስ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ባጃጇ ተጋጭታ ጥገናው 20,000 ብር ቢመጣና ኤክሰሱ 3,000 ቢሆን፣ የመጀመሪያዋን 3,000 ባለቤቱ ይከፍላል፣ የቀረውን ኢንሹራንሱ። ዲዳክቲብል የዚያው ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ የመኪናው በእያንዳንዱ አደጋ ይቆረጣል፣ የጤናው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሞላው።

እንደ ጀሪካን አስቢው። ዓመቱ ሲጀምር ባዶ ጀሪካን ይሰጥሻል፣ 5,000 ብር ይይዛል። ለሕክምና ከኪስሽ ያወጣሽው እዚያ ውስጥ ይገባል። ጥቅምት ላይ ለጉንፋን 700 ብር ብታወጪ 700 ገባ፣ ኢንሹራንሱ ምንም አይሰጥሽም። ታኅሣሥ ላይ 1,800 ብታወጪ 2,500 ሆነ፣ አሁንም ምንም። ጀሪካኑ የሞላ ዕለት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ኢንሹራንሱ ይሸከማል። ዓመቱ ሲያልቅ ጀሪካኑ ይደፋል፣ እንደገና ከባዶ። ለዚህ ነው ደረሰኝ ሁሉ፣ ትንሹም ቢሆን፣ መግባት ያለበት። «700 ብር ምን ያደርጋል፣ ዲዳክቲብል ነው ይሉኛል» ብለሽ ካላስገባሽው ጀሪካኑ ውስጥ እንደገባ አይቆጠርልሽም።

አሁን ያንቺን ላስላው። 6,500 ሲቀነስ 5,000፣ 1,500 ይቀራል። ውላችሁ ላይ 20 በመቶ የሠራተኛው ድርሻ የሚል ነገር አለ መሰለኝ፣ ምክንያቱም የ1,500 20 በመቶ 300 ነው፣ ሲቀነስ ልክ 1,200 ይመጣል። ሒሳቡ እንደ ሒሳብ ትክክል ነው። መነጽሩ ዲዳክቲብሉ ውስጥ መግባት ነበረበት ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ውሉን ሳላይ መመለስ አልችልም።

የማሂ እናት

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ጀሪካኑ ገባኝ። 20 በመቶውም አለ፣ ልክ ነሽ፣ ለተመላላሽ ሕክምና ይላል።

አንድ ያልገባኝ ግን አለ። ጀሪካኑ የቤተሰቡ ነው ወይስ የእያንዳንዳችን? ባለቤቴ ጥር ላይ ለጨጓራው 2,300 ብር አውጥቶ ነበር። እሱ ለምን አልተደመረም?

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ሁለቱም ዓይነት አለ። «በሰው» ከሆነ የባለቤትሽ ለብቻው፣ የማሂ ለብቻው ነው የሚቆጠረው። «በቤተሰብ» ከሆነ ይደመራል። 1,200 የመጣው 5,000ው ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ስለሆነ ያንቺ በሰው ይመስላል። ደግሞ አንድ ነገር፦ ባለቤትሽ ደረሰኙን አስገብቷል?

የማሂ እናት

አላስገባም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ከሜሪላንድ

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው። እዚህ ዲዳክቲብል የዕለት ተዕለት ቋንቋችን ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ምናልባት የእናንተም ውል ቃላቱን ከዚህ ዓይነቱ ነው የወሰደው።

እዚህ አራት ቃል አለ። በየወሩ የምትከፍይው ፕሪሚየም ነው፣ እናንተ አረቦን የምትሉት። ከዚያ ዲዳክቲብል። ዲዳክቲብሉ ካለቀ በኋላ በመቶኛ የምትካፈይው ኮኢንሹራንስ ነው፣ ያንቺ 20 በመቶ። አራተኛው የኪስ ጣሪያ ነው፣ ከዚያ በላይ በዓመት ውስጥ አትከፍይም። በፈረንጆቹ 2025 መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ ለሚሸጡት ውሎች ሕጉ ለአንድ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 9,200 ዶላር ነበር። አዎ፣ ብዙ ነው። አረቦኑ ያነሰ ውል ዲዳክቲብሉ ይበዛል፣ አረቦኑ የበዛ ዲዳክቲብሉ ያንሳል። መሥሪያ ቤታችሁም ያደረገው ይህንኑ ነው።

አሁን መነጽሩ ላይ ልምጣ። እኔ ስመጣ የዐይን ነገር ሁሉ በጤና ኢንሹራንሱ የሚሸፈን መስሎኝ ነበር። አይደለም። እዚህ ዐይን ለሁለት ተከፍሏል። ዐይንሽ ቢቀላ፣ ቢያምሽ፣ ስኳር ኖሮብሽ ሬቲናሽ (የዐይን ውስጠኛው ሽፋን) ቢታይ፣ ሞራ ቢወጣልሽ ያ ሕክምና ነው፣ በጤና ኢንሹራንሱ ይሄዳል፣ ዲዳክቲብሉም ይመለከተዋል። ቁጥር ለመለካትና መነጽር ለመግዛት ግን ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ቪዥን ፕላን የሚባል ለብቻው የሚገዛ ነገር አለ። ያኛው አብዛኛውን ጊዜ ዲዳክቲብል አያውቅም። «ለፍሬም ይህን ያህል እሰጥሻለሁ፣ የበለጠውን ጨምሪ» ነው የሚልሽ። ለልጆች ደግሞ በፈረንጆቹ 2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት፣ በግልና በትንንሽ ድርጅቶች ውል ውስጥ እስከ 19 ዓመት የዐይን ምርመራና መነጽር መካተት አለበት።

አባቴ እዚህ ናቸው፣ ሜዲኬር (መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) አላቸው። ሜዲኬር መነጽር አይሸፍንም፣ ሞራ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከገባ በኋላ ግን አንድ መነጽር ይሰጣል። ይህን ሳናውቅ በኪሳችን ገዝተን ነበር። ብሩ ሳይሆን «ማንም አልነገረንም» የሚለው ነው ያናደደኝ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ውላችሁ ላይ መነጽር ለብቻው መስመር አለው ወይ ብለሽ ፈልጊ። ካለው ያ ሌላ ኪስ ነው፣ ከጀሪካኑ ጋር አይገናኝም ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እኔ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው የምታከመው፣ የኛ ከናንተ ይለያል። እዚህ ብዙ የሐዋሳ ሰው ስለሚያነብ ልጻፍ ብዬ ነው።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀመር እኛ የነበርንበት የደቡብ ክልልም ካራቱ ክልሎች አንዱ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ በቤተሰብ መዋጮ ይከፈላል፣ ዲዳክቲብል የሚባል የለበትም። ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ፣ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉልሻል፣ ሪፈሩን ይዘሽ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። ሪፈር ሳይዙ ቀጥታ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄዱ ሰዎች አሉ፣ ከዚያ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ከዚያ መድኑን ያማርራሉ። ሥርዓቱ ደረጃ አለው።

እኔ የቀኝ ዐይኔን ሞራ የተገፈፍኩት በመድኑ ነው። ለቀዶ ሕክምናው አልከፈልኩም። ከዚያ በኋላ ግን ለማንበቢያ መነጽር ታዘዘልኝና ካርዴን ይዤ ስጠይቅ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይካተትም ተባልኩ። መመሪያው ነው፣ ሠራተኞቹን አልወቅስም። ግን ይከነክነኛል። ዐይኔን አድነው ማንበቢያውን ለኔ ተዉት። 38 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ሳላነብ ምን ልሁን?

የማሂ እናት

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እንኳን ዐይንዎ ዳነ። መነጽሩን ገዙ?

ጡረተኛው መምህር

የልጄ ባል ገዛልኝ። ተመስገን፣ ይኸው አነባለሁ፣ እጽፋለሁ።

የዐይን ባለሙያ

ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ እይታ ለክቶ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ማለት ነው፣ ሐዋሳ ውስጥ ነው የምሠራው። የመምህሩ ነገር ልቤን ነክቶኝ ነው የምጽፈው።

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጥናት፣ ዝቅተኛ እይታ ካለባቸው ሰዎች 33.4 በመቶው ችግራቸው በመነጽር ያልተስተካከለ የእይታ ጉድለት ነበር። ሲሶው ማለት ነው። ለነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፣ ጠብታም አያስፈልግም። መነጽር ነው መድኃኒታቸው። መነጽር ጌጥ ተደርጎ ከሕክምና ሲለይ የሚጎዳው ማን እንደሆነ በየቀኑ ክፍሌ ውስጥ አያለሁ። ሰዎች ተመርምረው፣ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ዋጋውን ሰምተው ይሄዳሉ። በዓመቱ ያው ወረቀት ታጥፎ ተመልሶ ይመጣል።

ለማሂ እናት ደግሞ። ልጅሽን በጊዜ ማምጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ዐይን ከሌላው በጣም ሲብስ አእምሮ የደከመውን ዐይን መጠቀም ይተዋል፣ ሰነፍ ዐይን የሚባለው ይሄ ነው። ልጅ ሳሉ በመነጽር፣ አንዳንዴም ደህናውን ዐይን በመሸፈን ይታከማል፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ይከብዳል። የግራው ይብሳል ስላልሽ ክትትሉን እንዳትተዪ። ሲመረምሯት ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርገውላት ነበር? የልጆች ዐይን ራሱን እያስተካከለ ቁጥሩን ሊያሳስት ስለሚችል በጠብታ መለካቱ ይሻላል።

«መነጽር ከለመደች ዐይኗ ይበላሻል» የሚልሽ ዘመድ ይመጣል፣ እርግጠኛ ነኝ። አይበላሽም። ቁጥሩ የሚጨምረው እያደገች ስለሆነ ነው፣ መነጽሩ አይደለም የሚጨምረው።

ፒያሳ አካባቢ መንገድ ላይ ተደርድረው የሚሸጡትን በተመለከተ፣ 40 ዓመት አልፎት ለንባብ ብቻ ለከበደው ሰው ለጊዜው ሊረዱ ይችላሉ። ለልጅ ግን በፍጹም። ሁለቱም ሌንስ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው፣ የሌንሱ መሐልም ከልጁ ብሌን ጋር አይገጥምም።

ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች ከኛ ስትወጡ ወረቀቱን እዩት። የታካሚው ሙሉ ስም፣ ቀን፣ የሁለቱም ዐይን ቁጥር፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ ፊርማና ማኅተም። አንዷ ከጎደለች ኢንሹራንሱ ይመልሰዋል፣ እናንተም ለማኅተም ብቻ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

ከሜሪላንድ

በዚህ ላይ ልጨምር። እዚህ ከፈረንጆቹ 1978 ጀምሮ ያለ ደንብ አለ፣ ሐኪሙ ቁጥርሽን ከለካ በኋላ ሳትጠይቂም ማዘዣውን በእጅሽ መስጠት አለበት፣ ተጨማሪ ሊያስከፍልሽም አይችልም። የፈለግሽበት ሄደሽ ትገዣለሽ። እናንተም ጋ ማዘዣችሁን ተቀበሉና ሁለት ሦስት ቤት ዋጋ ጠይቁ።

የማሂ እናት

ጠብታው ተደርጎላታል፣ ቀኑን ሙሉ ብርሃን እያስጨነቃት ነበር የዋለችው። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

አሁን ውሉን ከኤች አር ለመንኩና ሙሉውን አመጣሁት። 31 ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። እስካሁን የተሰጠን ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ብቻ ነበር። ስለ መነጽር የሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፣ እንዳለ በአማርኛ ፊደል ልጻፈው፦ «ኦፕቲካል። 4,000 ብር ፐር ፐርሰን፣ ኤቭሪ 24 መንዝስ። ፍሬም ኤንድ ሌንስ። ዲዳክቲብል ዌይቭድ።» ከሥሩ በትንሹ፣ የፀሐይ መነጽር አይጨምርም ይላል።

የመጨረሻዋ ቃል ምንድን ናት?

የሒሳብ ሠራተኛዋ

አገኘሽው! ለአንድ ሰው፣ በየ24 ወሩ፣ ለፍሬምና ለሌንስ 4,000 ብር ይላል። «ዌይቭድ» ማለት ተትቷል፣ ቀርቷል ማለት ነው። መነጽር ላይ ዲዳክቲብል አይቆረጥም እያለሽ ነው። ሜሪላንድ እንዳለው ሌላ ኪስ ነው። የ20 በመቶውም ነገር ለተመላላሽ ሕክምና ከተባለ እዚህ አይገባም፣ መስመሩ ላይ አልተጻፈማ።

እንደገና እናስላው። ምርመራው 900 ሕክምና ነው፣ ተመላላሽ ውስጥ ይገባል። የማሂ ጀሪካን ውስጥ 900 ገባ፣ አይመለስልሽም፣ 4,100 ይቀራታል። ፍሬምና ሌንሱ 5,600 ነው። ጣሪያው 4,000። ስለዚህ 4,000 ይከፈልሻል፣ 1,600 ያንቺ ነው። የከፈሉሽ 1,200 ነው። 2,800 ብር ይቀርሻል።

ሦስቱንም በአንድ ቅጽ ላይ 6,500 ብለሽ ደምረሽ ነው ያስገባሽው?

የማሂ እናት

አዎ። ቅጹ ላይ «ጠቅላላ ወጪ» የሚል አንድ ሣጥን ነው ያለው። እኔም ደመርኩት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ

እሱ ነው። ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) የሚሠራው ሰው «የዐይን ክሊኒክ፣ 6,500» ብሎ ሙሉውን ተመላላሽ ሕክምና ውስጥ ከተተው። ለይተሽ አስገቢው። ምርመራው ለብቻ፣ መነጽሩ ለብቻ፣ የውሉን ገጽ ኮፒ አያይዢበት፣ ያችን መስመር በእስክሪብቶ አስምሪባት።

አላሙራ

ይቅርታ፣ ልግባበት። ከማድረግሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ። አሁን በነሱ ሒሳብ የማሂ ዲዳክቲብል ሞልቷል፣ 5,000ው አልቋል። ብታስተካክዪው ወደ 900 ይመለሳል። ልጅቷ በዚህ ዓመት ብትታመምና 4,100 ብር ብታወጪ፣ አሁን ባለው ሒሳብ 80 በመቶውን፣ 3,280 ብር ይሰጡሻል። ብታስተካክዪው ግን ምንም። ማለትም 2,800 ለማግኘት 3,280 ልታጪ ትችያለሽ። 480 ብር ልዩነት አለው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ጥሩ ዐይተሃል፣ እውነት ለመናገር እኔ አላሰብኩትም ነበር። ግን ሦስት ነገር። አንደኛ፣ 480ው የሚመጣው ልጅቷ ከታመመች ነው፣ 2,800ው ግን የዛሬ ነው። ሁለተኛ፣ የውሉ ዓመት መቼ ያልቃል? ሦስተኛ፣ ውል የተጻፈው እንደ ተጻፈ ነው የሚሠራው፣ በኋላ ኦዲት ሲደረግ ስህተቱ ቢገኝ ራሳቸው ያስተካክሉታል።

የማሂ እናት

ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ 1 አዲስ ይጀምራል። አሁን ሚያዝያ ነው፣ ሁለት ወር ተኩል ነው የቀረን። ልጄ እንድትታመም አልጠብቅም፣ ገንዘቤን እጠይቃለሁ።

አላሙራ

ከሆነማ ግልጽ ነው። ሐምሌ ላይ ጀሪካኑ መደፋቱ አይቀርም። ጠይቂ። የባለቤትሽንም ደረሰኝ አስገቢ፣ ሁለት ወር ውስጥ ሌላ ነገር ቢመጣበት 2,300ው ይቆጠርለታል። ግን የጊዜ ገደቡን እዪ፣ የኛ ከሕክምናው ቀን ጀምሮ 90 ቀን ነው፣ ካለፈ አይቀበሉም።

ታቦር 07

እኔ ቀድሜ «አትልፊበት» ያልኩት ስህተት ነበር፣ ይቅርታ። የኔን መሥሪያ ቤት ውል አይቼው አላውቅም። የለውም ያልኩት በአፍ የሰማሁትን ነው።

የማሂ እናት (ከ19 ቀን በኋላ)

ይኸው ተመለስኩ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኤች አር ስሄድ የውሉን ገጽ አሳየኋት። መጀመሪያ «እኛ የምናውቀው ለሁሉም ዲዳክቲብል አለው ነው» አለችኝ። አልተቆጣሁም፣ ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ስታነበው እሷም ደነገጠች፣ ምክንያቱም ከሐምሌ ወዲህ የመነጽር ደረሰኝ ያስገባን እኔ ብቻ አይደለሁም። ስም ዝርዝር አውጥታ ስትቆጥር ከኔ ሌላ አምስት ሰው አለ። አንዱ ጥበቃችን ነው፣ ለራሱ ለማንበቢያ 2,100 ብር አውጥቶ ዜሮ ነው የተመለሰለት፣ ከ5,000 በታች ነው ተብሎ። እሱ አልጠየቀም። ከጣሪያው በታች ስለሆነ ሙሉውን ነበር ማግኘት የነበረበት።

የኔ ወረቀት አንድ ችግር ገጠመው። የመነጽር ቤቱ ደረሰኝ በኔ ስም ነው፣ ታካሚዋ ማሂ ናት። ደረሰኙ ቲን ነምበር አለው፣ ሁሉ ነገር አለው፣ ስሙ ብቻ። መነጽር ቤቱ ሄጄ አስረዳኋቸው፣ በራሳቸው ወረቀት ላይ «ይህ መነጽር የተሠራው ለእገሊት ነው፣ በዚህ ቀን ማዘዣ» ብለው ጽፈው ማኅተም አደረጉልኝ። አያያዝኩት።

ትናንት 2,800 ብር ገባ። የሌሎቹም እየታየ ነው።

የባለቤቴ ግን አልተሳካም። ቀኑ አልፎበታል፣ የኛም 90 ቀን ነው።

ማሂ ደህና ናት። መጀመሪያ ሳምንት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቀው ነበር፣ ክፍል ውስጥ ብቻዋን መነጽር ያላት እሷ ስለሆነች። አስተማሪዋ ራሷ መነጽር ለባሽ ናት፣ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ቀስ በቀስ ለመደች። እሑድ ሐይቁ ዳር ወስጃት በአሞራ ገደል በኩል ቁጭ ብለን ዓሣ አስጋሪዎቹን ከርቀት እያየች «ያኛው ቀይ ሹራብ ነው የለበሰው» አለችኝ። ድሮ እዚያ ስንሄድ ዝም ብላ እግሯ ሥር ድንጋይ ትለቅም ነበር። ድንጋይ የምትወድ ይመስለኝ ነበር።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ለጥበቃው ብር ስትሟገቺ ብትውዪ ከኔ የበለጠ ምርቃት ታገኛለሽ። እግዜር ይባርክሽ።

አቶቴ

ይህን ክር ሳነብ ከርሜ ዛሬ የኛን ውል አስመጥቼ አየሁት። መነጽር አለ፣ 3,000 ብር፣ 24 ወር። ዲዳክቲብልን ስለማንሳት ግን ምንም አይልም። ዝም ካለ ምን ማለት ነው?

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ዝም ካለ አጠቃላይ ሕጉ ነው የሚሠራው ይሉሻል፣ ማለትም ይቆረጣል። ግን በጽሑፍ ጠይቂ፣ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። ውላችሁ ገና የሚታደስ ከሆነ ያችን አንዲት ቃል አሠሪያችሁ እንዲያስገባ አሁን ነው መጠየቂያው። ከተፈረመ በኋላ ዓመት ትጠብቂያለሽ።

የማሂ እናት

የኛ የእድሳት ስብሰባ ሰኔ ውስጥ ነው። ዘንድሮ እጄን አወጣለሁ፣ ጥያቄዎቼን ጽፌአለሁ። በሰው ነው በቤተሰብ፣ መነጽሩ ላይ ይሠራል አይሠራም፣ 24 ወሩ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው። የመጨረሻውን ቀድሜ ጠይቄ የኛ ከደረሰኙ ቀን ነው ተባልኩ። ስለዚህ ማሂ እንደገና የምታገኘው የዛሬ ሁለት ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ግን ሐኪሟ በየዓመቱ ቁጥሯ ሊቀየር ይችላል ብሎኛል። በመሐል ያለውን ምን ላድርግ?

የዐይን ባለሙያ

ፍሬሙን ጠብቂው። ቁጥሩ ሲቀየር ፍሬሙ ፊቷ ላይ አሁንም ልክ ከሆነ ሌንሱን ብቻ እናስቀይራለን፣ ባንቺ ዋጋ 2,400 ብር ገደማ ነው እንጂ 5,600 አይሆንም። ማታ ስታወልቅ ሌንሱ ወደ ላይ ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፣ በቀሚሷ ጫፍ አትጥረገው፣ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ። ምርመራውን ደግሞ ከሐምሌ 1 በፊት ሳይሆን በኋላ አድርጊው፣ አስቸኳይ ካልሆነ፣ የምትከፍይው 900 አዲሱ ጀሪካን ውስጥ እንዲገባልሽ።